ቋንቋ ቤት ሲኖረው፦ ቲሚሾዋራ እና ድሬዳዋ

ምዕራብ ሩማንያ ውስጥ ያለችው ቲሚሾዋራ ሁለት ነገር ስታወራ አትጠግብም። አንደኛው መብራቷ ነው፤ በ1884 እ.ኤ.አ. ጎዳናዎቿን በ731 የኤሌክትሪክ መብራቶች ስታደምቅ በዋናው አውሮፓ ምድር የቀደማት ከተማ አልነበረም ትላለች። ሁለተኛው የቋንቋዋ ብዛት ነው። የሩማንያኛ፣ የጀርመንኛና የሀንጋሪኛ የመንግሥት ቴአትር ቤቶች አንድ ሕንፃ ይጋራሉ። ድሬዳዋ ላደገ ሰው በቋንቋ ብዛት መኩራራት ግን ትንሽ ያስፈግገዋል። እኛ ዘንድ ቀፊራ ገበያ ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ያለ ቴአትርና ያለ በጀት በሦስት ቋንቋ ትከራከርሃለች።

ቲሚሾዋራን ኦቶማን ቱርኮች ከ1552 እስከ 1716 ገዝተዋታል። የኦስትሪያ ጦር አዛዥ የነበረው የሳቮዩ ልዑል ዩጂን ከወሰዳት በኋላ ኦስትሪያውያን የቱርኩን ከተማ ከሞላ ጎደል አፍርሰው እንደ አዲስ ሠሯት። ነፃነት አደባባይ ሲቆፈር የተገኘው የቱርክ መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ ባይኖር ኖሮ እነዚያ 164 ዓመታት እንዳልነበሩ ይቆጠሩ ነበር። የዛሬዋን ከተማ የፈጠራት ውኃው ነው። አካባቢው ረግረግና የወባ አገር ስለነበር የከተማዋን ወንዝ የቤጋን ቦይ መቆፈር የተጀመረው በ1728 ነው። ቦዩ እንጨት አጓጓዘ፣ ወፍጮ አዞረ፤ ፋብሪክ የሚባለው ሰፈርም በዳሩ በቀለ። የቢራ ፋብሪካው ታሪክ ከ1718 ይጀምራል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከከተማው ርቆ የተሠራው፣ ጎብኚ ዞር ብሎ የማያየው ሥራ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ማክስ ፍሬሞ የተባለ የኔዘርላንድ መሐንዲስ ቤጋንና ጎረቤቱን የቲሚሽ ወንዝ በሁለት ቦታ አገናኛቸው። በድርቅ ጊዜ ኮሽቴይ ላይ ከቲሚሽ ውኃ ይወሰዳል፤ ቤጋ ሲሞላ ደግሞ ቶፖሎቫት ላይ ትርፉ ወደ ቲሚሽ ይለቀቃል። ሥርዓቱ ዛሬም ይሠራል። የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማለቂያ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ ልጅ ይህን ሲሰማ ቢቀና አይፈረድበትም። የመከላከያ ግንቡ እኛ ዘንድ የተሠራው ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ወደ ቋንቋው ልመለስ። በ1910 ከቲሚሾዋራ ነዋሪ ከ40 በመቶ በላይ ጀርመንኛ ተናጋሪ ነበር። ዛሬ ጀርመኖቹ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። የሩማንያው ኮሙኒስት መሪ የቻውሼስኩ መንግሥት ከምዕራብ ጀርመን ገንዘብ እየተቀበለ ሸኛቸው፤ ቀሪዎቹ አብዛኞቹ ከ1989ኙ አብዮት በኋላ ራሳቸው ወጡ። ቴአትር ቤቱ ግን አልተዘጋም። ተዋንያኑ በጀርመንኛ ይጫወታሉ፣ ተመልካቹ የሩማንያኛውን ትርጉም ከላይ ያነባል። ሁለት የኖቤል ተሸላሚዎች፣ ሄርታ ሙለርና ሽቴፋን ሄል፣ የተማሩበት የሌናው ትምህርት ቤት አሁንም በጀርመንኛ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ በአብዛኛው የሩማንያውያን ልጆች ናቸው። በ2020 ከተማዋ የመረጠችው ከንቲባም የጀርመን ዜጋ ነበር። ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ ቋንቋውን ያቆየው ደመወዝ፣ ሕንፃና የመማሪያ መጽሐፍ ነው።

ድሬ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ግሪኮቹና አርመኖቹ ደርግ ንብረት ሲወርስ አብዛኞቹ ሄዱ፤ ከዚራ ሰፈር ላይ የቀረው የቤታቸው ጥላና በረንዳ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቃቅፈው ይኖራሉ፤ ሐረሪኛም አለ። ይህ የሰዉ ጸጋ ነው ብለን ስለምናምን ጠባቂ አንቀጥርለትም። ፖለቲካ ሲጋጋል በማን ቋንቋ ማን ይናገር የሚለው ጭቅጭቅ ሲነሣ ግን ጸጋው ብቻውን ምን ያህል እንደሚችል አይተናል። «የድሬ ልጅ ዘር አይቆጥርም» የሚለውን አባባል እወደዋለሁ፤ በጀት የተመደበለት ቢሆን ደግሞ የበለጠ እወደው ነበር።

ቲሚሾዋራንም ከመጠን በላይ ላወድሳት አልፈልግም። አሁን በሩማንያ ከተሞች ምግብ በብስክሌት የሚያደርሱት፣ ግንባታ ላይ የሚውሉት ብዙዎቹ ከኔፓል፣ ከስሪላንካና ከባንግላዴሽ የመጡ ናቸው። በ2023 የአውሮፓ የባህል መዲና ሆና ስትኩራራ የምትጠራቸው ቋንቋዎች የድሮዎቹ ነበሩ። የሄደን ጎረቤት ቋንቋ ማክበር ቀላል ነው፤ ኪራይ አይጠይቅም፣ ሰልፍ ላይ አይቀድምም። ኔፓልኛ ግን ዛሬ ማታ እራት ይዞ በር እያንኳኳ ነው፤ እስካሁን አራተኛ ቴአትር ይከፈት ያለ ሰው አልሰማሁም።