እርማት፦ የፖከር ሽልማት ሁሉ ትርፍ አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ ፖከር (በገንዘብ የሚካሄድ የካርታ ጨዋታ) ተጫዋቹ አንቶኒዮ ኢስፋንዲያሪ የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። «እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ውድድር ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሱ ከተተ» ያልከው ግን መታረም አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሽልማቱ እውነት ነው። ላስ ቬጋስ ላይ 48 ሰዎች ተወዳድረው እሱ 18,346,673 ዶላር አሸነፈ። መግቢያው ግን በነፍስ ወከፍ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር! እንዲህ ያለውን ክፍያ ብቻውን የሚችል ባለሙያ ጥቂት ነው። ስለዚህ ድርሻ ይሸጣል፤ ማለትም ሌሎች ከመግቢያው ከፊሉን ይከፍሉለትና ካሸነፈ ከሽልማቱ በዚያው መጠን ይወስዳሉ። ኢስፋንዲያሪም ድርሻ ሸጦ ነው የገባው፤ ሽልማቱንም ተካፍሏል።

በትንሽ ቁጥር እንየው። መግቢያው 10,000 ዶላር ነው እንበል። ተጫዋቹ 60 በመቶውን ሸጠ፤ ከራሱ 4,000 አወጣ። 100,000 ቢያሸንፍ 60,000ው የገዢዎቹ ነው። ለእሱ 40,000 ይደርሰዋል፤ ያወጣው ሲቀነስ 36,000 ይቀራል። ግብር፣ ሆቴልና የአውሮፕላን ትኬት ገና አልተነሱም። የተጫዋቾች ሽልማት በሚደመርበት መዝገብ ላይ የሚጻፈው ግን 100,000 ነው።

የባሰው ደግሞ የተሸነፈባቸው ውድድሮች መግቢያ ከዚያ ድምር ላይ አለመቀነሱ ነው። በዓመት 300,000 ለመግቢያ ከፍሎ 250,000 ያሸነፈ ሰው፣ ስሙ አጠገብ 250,000 ተጽፎ ይታያል። በተግባር 50,000 ከስሯል።

ይሄን ቁጥር አይተው ሥራ ለመልቀቅ የሚያስቡ ልጆች አሉ፤ ያሳስበኛል። እባክህ «ኪሱ ከተተ» የሚለውን «አሸነፈ» በሚለው ተካው፤ የመግቢያውንም ክፍያ አብረህ ጻፈው።