ተረቴን መልሱ፣ ዳቦው ይቅር

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስገባ እናቴ ሪሞቱን ይዛ ተቀምጣለች። ጫማዬን ሳላወልቅ «ያ መርማሪ ወጣ?» አለችኝ።

አልወጣም። መርማሪው ከግንቦት ጀምሮ ኮንቴይነር ውስጥ ተቆልፎበታል። ኮንቴይነሩ መርከብ ላይ ተጭኗል። ድራማው ደግሞ ተሰርዟል። ሰውየው እንግዲህ ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም። እናንተም ቤት አንድ የተቆለፈበት ሰው አይጠፋም።

እኔ ግን ላመሰግን ነው የተነሳሁት። የጀመሩትን መጨረስ ማንም ይችላል። አያቴ እንኳ በኩራዝ ብርሃን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ትጨርስ ነበር። መሃል ላይ ጥሎ መሄድ ነው ጥበቡ። ክራባት ይጠይቃል። ሰፊ ቢሮ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ የሳምንቱን ሰንጠረዥ እንደ ካርታ የሚበውዝ አንድ ሰውዬ ይጠይቃል።

ይህ ጥበብ አሜሪካ ውስጥ የት እንደጎለመሰ ማወቅ የሚፈልግ የፎክስን ታሪክ ይይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ጣቢያው በ1986 ሥራ የጀመረው በኮሜዲያኗ በጆአን ሪቨርስ የምሽት ወግ ነበር። በ7 ወሯ ተሸኘች። ከዚያ በኋላ እጅ ተፍታታ። በ2002 «ገርልስ ክለብ» ሁለት ክፍል ታይቶ ተዘጋ። በ2010 «ሎን ስታር» እንዲሁ፣ ሁለት። ሰው ለቡና ሲጠራ እንኳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። እዚህ ግን ቶናው ላይ ሲኒውን ከእጅህ ይቀበሉሃል።

የካርቱን ኮሜዲው «ፋሚሊ ጋይ» በ2002 ተሰረዘ። ዲቪዲው እንደ ጉድ ሲሸጥ በ2005 ተመልሶ ተጠራ። በተመለሰበት ክፍል ፒተር የሚባለው ገጸ ባህሪ በዚያ መሃል የተሰረዙትን 29 ፕሮግራሞች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራል። ፍትሐት ነው የሚመስለው።

የኔ ዋንጫ ግን ለ«ፋየርፍላይ» ነው። በጠፈር መርከብ ስለሚንከራተቱ ሰዎች የተሠራ ድራማ ነው፣ የ2002። 14 ክፍል ተሠራለት፣ 11ዱ ታየ። አርብ ማታ፣ ወጣቱ ሁሉ ከቤት ሲወጣ። እስከዚህ ድረስ ያለ ነው። ውበቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ክፍሎቹ እንዲህ ታዩ፦ 2፣ 3፣ 6፣ 7፣ 8፣ 4፣ 5፣ 9፣ 10፣ 14፣ 1። የሎተሪ ዕጣ አይደለም፣ ታሪክ ነው።

በሠርግ ላስረዳችሁ። ጥሪ ደርሷችሁ ትሄዳላችሁ። በሩን ስትገቡ ጥሎሽ እየተቆጠረ ነው። ለማን? አትጠይቁ። ቀጥሎ ሠርጉ። ጥሩ፣ እልል አላችሁ። በሳምንቱ ስትመጡ ክርስትና ነው። በሳምንቱ ልጁ ጥርስ አውጥቷል። በሳምንቱ ቦርሳ አንግቶ ትምህርት ቤት ገብቷል። «ጊዜው እንዴት ይሮጣል!» ስትሉ፣ መልስ ተጠርታችኋል። ሙሽራዋ ሚዜዎቿን አስከትላ በካባ ትገባለች። ልጁስ? ልጁ ገና አልተወለደም። ከዚያ ቅልቅል። ቅልቅሉ ላይ የበላችሁት ዶሮ ሳይፈጭ ጭቅጭቅ ተነሳ። ቀጥሎ ኩርፊያ። ከዚያ ዘለን ፍርድ ቤት፣ ፍቺ። ለምን ተፋቱ? እሱን የሚያስረዱት 11፣ 12 እና 13 ናቸው፣ አልታዩም። በመጨረሻ የፈረንጅ ገና አምስት ቀን ሲቀረው በር ይንኳኳል። ብትከፍቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። «ልጅዎን ለልጃችን» ይላሉ።

ይሄ የመጀመሪያው ክፍል ነው። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ የታየው፣ መክፈቻ ለመሆን ዝግ ይላል ተብሎ ነው። ከዚያ ሰንጠረዥ በዋዡ በሐዘኔታ ራሱን ነቅንቆ «ተመልካች ታሪኩን ሊከተል አልቻለም» ይላል።

«አሬስትድ ዴቨሎፕመንት»ም አለ፣ በ2004 ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት በምርጥ ኮሜዲነት የወሰደው። ስንብቱ ተከብሯል። የመጨረሻዎቹን አራት ክፍሎች በአንድ ምሽት፣ ልክ የቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ በሌላ ጣቢያ በሚታይበት ሰዓት። «ሲምፕሰንስ» የሚባለው ካርቱን በበኩሉ ከ1989 ጀምሮ አለ፣ የቤቱ ልጅ ባርትም እስከ ዛሬ 10 ዓመቱ ነው። አንዱን ሳይወለድ ይቀብሩታል፣ ሌላውን አላስረጅ ይሉታል።

ባለ ጣቢያዎቹ ለምን ትሰርዛላችሁ ሲባሉ ቁጥር ነው ይላሉ። የማን ቁጥር? ለማስታወቂያ ዋጋ ሲቆረጥ ለዓመታት መለኪያው ከ18 እስከ 49 ዓመት ያለው ተመልካች ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛዋን የለቀመችው ከእነዚህ ድራማዎች ነው። እኛ ለሥራ ስንወጣ፣ ይህ አፓርታማ ጭር ሲል፣ ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት እነሱ የፈጠሩት መርማሪ ብቻ ነበር። ከሰዓቱ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ማስታወቂያ አንድም ሳትዘል አይታለች። ስትቆጠር ግን የለችም። ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንዴት የለም ይባላል? አታፍሩም?

ይቅርታ፣ ላመሰግን ነበር የተነሳሁት።

ቅዳሜ ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጣች። እኔ ጓዳ ሆኜ ስሰማ እናቴ ድራማውን እየተረከችላት ነው። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ወደብ ደርሷል። የጉምሩክ ሰዎች ቢከፍቱት መርማሪው ቁጭ ብሏል፣ ጢሙ አድጓል።

«ውይ! እትዬ፣ ቀረጥ ተጠየቀበት?» አለች ጎረቤታችን።

«እሱን የሚያሳዩት ለሳምንት ነው» አለች እናቴ፣ ቶናውን እየቀዳች።