አንድ ጭራ፣ ሦስት ፊርማ

እግዜር ይስጣቸው፤ ባለፈው ቅዳሜ ከተማችንን ከታላቅ አደጋ አተረፏት። በበግ ተራው ዳር፣ ከመንዝ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት አዝማሪ ባናቸውን ደርበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የማሲንቋቸውን ደጋን እጣን ቀብተው ገና አንዴ ሳብ ከማድረጋቸው ደንብ አስከባሪው ከተፍ አለ። «ፈቃድ አለህ?» አላቸው፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው። ያለ ደብዳቤ የወጣ ዜማ በገበያተኛ ጆሮ ላይ ምን እንደሚያደርስ ማን ያውቃል? በጊዜ ደረሱልን።

«ደብዳቤ አምጣ» ሳይባል ያደገ አንባቢ ስለሌለ ነገሩን ማብራራት አያሻኝም። እኔን የሚደንቀኝ አስተዋይነታቸው ነው። ከአዛውንቱ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጫማ መሸጫው በር ላይ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ሞንታርቦ ከጠዋት ጀምሮ ያጓራል፤ በጎቹ እንኳን ፊታቸውን አዙረውበታል። እሱን ማንም ፈቃድ አይጠይቀውም። ልክ ነው፤ ሞንታርቦ ቢጠይቁት አይሰማም።

አዛውንቱ ግን ሕግ አክባሪ ናቸው። ለካ ሐሙስ ዕለት ፈቃድ ሊያወጡ ሄደው ኖሯል። ጸሐፊው ቅጹን ዘርግቶ «ቋሚ የሥራ ቦታ?» ይላቸዋል። አዝማሪን! «ሰው ያለበት ሁሉ» ቢሉት «እሱ በቅጹ ላይ የለም» አለ። «የመሣሪያው ዓይነት?» ማሲንቆ። «ስንት ጭራ አለው?» አንድ። «አንድ ብቻ?» ብሎ በጥርጣሬ አያቸው፤ ሌሎቹን የደበቁ መስሎታል። «ጭራው ከየት የተገኘ ነው?» ከፈረስ። «ፈረሱስ የማን ነው?» የጎረቤት። እንግዲያው ጎረቤትየው ጭራውን ወዶና ፈቅዶ እንደሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌው ያምጣ። ጎረቤትየው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ወራሾቹ ይፈርሙ። ፈረሱስ? ፈረሱም ሞቷል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጦ አሰበ፤ የሞተ ፈረስ ጭራ በምን ዓምድ እንደሚሞላ የሚያውቀው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበር። የሳጥኑ ቆዳ የፍየል መሆኑን አዛውንቱ አልተነፈሱም። ይህን ጥበብ የሰጣቸው ዕድሜ ነው።

ቀጥሎ «የሚዘፈነው ግጥም በሦስት ቅጂ ይቅረብ» ተባሉ። «ልጄ፣ ግጥሙ እኔ ጋ የለም። ሰሚው ተቀበል ይለኛል፣ እቀበላለሁ።» እንዲህ ከሆነ ተቀበል ባዩም ቀርቦ ይፈርማ! «ሰምና ወርቅ የሆነውስ?» ብለው ጠየቁ፤ ጠይቀውም ተጸጸቱ። ሰሙ እዚሁ ይመዘገባል፣ ወርቁ ግን ሌላ ክፍል ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ።

በነገራችን ላይ ብልጦቹ ላሊበሎች ናቸው። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ አዚመው፣ ቁራሹን ተቀብለው፣ መርቀው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ቢሮ የሚከፈተው 2:30 ነው። አባቶቻቸው «ካላዜምን ቁምጥና ይይዘናል» የሚሉትን እምነት ጸሐፊው የሰማ ቀን ግን የሐኪም ማስረጃ መጠየቁ አይቀርም።

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ ነበር የማዳምጠው። ከዚያ ደንብ አስከባሪው ማሲንቆውን ቀማቸው፤ ሲቀማ ጭራው ተበጠሰ። አዛውንቱ ምንም አላሉም፤ የተበጠሰውን በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩት። ሳቄ እዚያው ቀረ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሰው ሐሳቡን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽ ነፃነት አለው ይላል፤ ስለ ፈረስ ጭራ ያለው ነገር የለም። አዝማሪን እንደ ጠላት ያሳደደው ግራዚያኒ ነው፤ በ1929 ዓ.ም. ከጠንቋዮች ጋር ደምሮ በጥይት አስደበደባቸው። ያ አረመኔ የሚፈራውን ያውቅ ነበር፤ አገር የሚቀሰቅስ ግጥም ይፈራ ነበር። የእኛዎቹ ምኑን ነው የሚፈሩት? አንድ ሽማግሌ ከበግ ገዢ የሚለቅሟትን አሥር ብር? ነውር ነው። ነውር!

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ደንብ አስከባሪው ሥራውን በሚገባ ሠርቶ ማሲንቆውን በብብቱ ይዞ ሊሄድ ሲል፣ ከሰዉ መሐል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ጮኸ፦

ማሲንቆ መትቼ ልብላ ብል እንጀራ፣
ማኅተም መቺው መጣ ሊመታኝ በተራ።

አዛውንቱ ያለ ማሲንቆ፣ በባዶ እጃቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉት። በግ ሻጩ ሳቀ፣ በግ ገዢው ሳቀ፤ የጫማ መሸጫው ልጅ ሳይቀር ሞንታርቦውን ቀነሰ። ደንብ አስከባሪው ዞሮ «ማን ነው ተቀበል ያለው?» አለ። ገበያው ዝም። በጎቹም ዝም።

እኔ ነኝ ያልኩት። ነገ ሰኞ በ2:30 ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የቀበሌ መታወቂያ ይዤ እቀርባለሁ፤ ግጥሙንም በሦስት ቅጂ ገልብጬዋለሁ። ወርቁን ሁለተኛ ፎቅ አደርሳለሁ።