በዚህ ዋጋ ምን ፈለግህ?
ወላሂ በቃኝ! ዛሬ ብርቱካን ልልጥ ሰንጢዬን ስከፍታት ብሎኗ ወልቆ ጭኔ ላይ ዱብ። ከባቲ ሰኞ ገበያ የገዛኋት ናት። ስትታጠፍ ስለቷ መሃል አይገባም፤ አንዱን ጎን ተደግፎ ይጋደማል፣ እንደ ጫት ቃሚ። ስትከፈት ደግሞ ግራ ቀኝ ትወዛወዛለች። እስክስታ አዘዝኩ እንዴ? ስለቷ የተሳለበት ቦታ በአንድ ጎን ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ፤ የሳላት ሰው እያንቀላፋ ነበር? የእጀታዋ ጠርዝ ግን ይቆርጣል፤ መዳፌ ምስክር ነው። ብርቱካኑ ደህና ነው፣ አልሀምዱሊላህ። መቆለፊያዋስ? ጣቴ ላይ ልትታጠፍ ቀጠሮ የያዘች ይመስላል።

ሻጩ «አብሽር፣ በዚህ ዋጋ ምን ፈለግህ?» አለኝ። ምን ልፈልግ! የሚቆርጥ ነገር ነዋ! ብሎን ማጥበቅም የዋጋ ጉዳይ ሆነ? እሱ እኮ ስከፍለው «ይቺ ብር ጥጓ ተቀዷል» ብሎ መልሶልኛል።