የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20 ነው

ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ እማራለሁ። በዚህ ዕድሜ። ሰባት ዓመት ፓርኪንግ ሠርቼ፣ ሦስት ዓመት ናርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት ሳገላብጥ ቆይቼ ነው የገባሁበት። አገር ቤት ሲጠይቁኝ «ሆስፒታል ነው የምሠራው» እል ነበር። ሰፈሩ በራሱ ጊዜ ዶክተር አደረገኝ። አላረምኩም። ምን ብዬ ላርም? «ሰው አጥባለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ» ልበል? ልዕልት ፀሐይ እንኳ በስደት ዘመናቸው ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቀዋል። የንጉሥ ልጅ ያላፈሩበትን እኔ የፓርኪንጉ አፈርኩበት።

ብቻ የመጀመሪያው የተግባር ፈተና ላይ ወደቅኩ። መርፌ መውጋት እንዳይመስላችሁ። ትንፋሽ መቁጠር ነው የጣለኝ። በሽተኛ ሆና የተኛችልኝ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። የልብ ምቷን ቆጠርኩ። ከዚያ ደረቷን ለ15 ሰከንድ አየት አደረግኩና በአራት አባዝቼ 16 ብዬ ጻፍኩ። ጃማይካዊቷ አስተማሪያችን የእጅ ሰዓቷን ወደ ፊቴ አስጠጋች። «ስልሳ ሰከንድ» አለች። አለቀ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ለካ ዘዴ አለው። የልብ ምት ቆጥረህ ስትጨርስ የሰውየውን እጅ አትለቅም። ትንፋሹን እየቆጠርክ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይቀየራል። ስለዚህ ጣትህ የእጁ አንጓ ላይ እንዳለ ዓይንህን ብቻ ወደ ደረቱ ትወስዳለህ። አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ አንድ ነው። ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጤነኛ ነው። ሙሉ ደቂቃ ዝም ብሎ የሰው ደረት ማየት እንዴት እንደሚረዝም ሞክሩት። ሃያኛው ሰከንድ ላይ ስልክ ማየት ያምራችኋል። ግን ሰውነት መድከም ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ትንፋሽ ነው። የደም ግፊት እንደ ኩሩ ሰው ለጊዜው ይችለዋል፤ የሚወርደው ነገሩ ከገፋ በኋላ ነው።

የነርስ ፈቃድ የሚሰጠው ኤንክሌክስ የሚሉት ፈተናም ከ2023 ሚያዝያ ወዲህ ወደዚሁ አዘንብሏል። የበሽተኛውን ታሪክ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ በየሰዓቱ የተለካውን ሁሉ ፊትህ ይዘረግፍልሃል። ከዚያ ይጠይቅሃል። ምን አየህ? ያየኸው ምን ማለት ነው? የቱ ይቀድማል? ምን ታደርጋለህ? ያደረግከውስ ሠራ ወይ? ከምርጫዎቹ መሐል «ለሐኪም ደውል» የሚል አይጠፋም። እኛ ሐበሾች እሱን ስናይ እንደ ዘመድ ነው የምንሮጥለት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ስህተት ነው። «ደውለህ ምን ልትለው ነው? በሽተኛውን ገና አላየኸውም» ትላለች አስተማሪያችን።

ይህን ሁሉ ተምሬ፣ ወድቄ፣ እንደገና ተፈትኜ አልፌ፣ ክረምት ላይ እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ ተባልኩ። ቲኬት ቆርጬ አዲስ አበባ ገባሁ። የሆስፒታሉ ስም ይቅር። ጓንት ከውጭ፣ ስሪንጅ ከውጭ፣ አንሶላ ከቤት፤ የምታውቁት ነው። ነርሶቹ መርፌ ይወጋሉ፣ ይጽፋሉ። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ፖፖ ማቅረብ፣ ማገላበጥ የአስታማሚ ነው። ደግሞ ራውንድ ሲጀመር «አስታማሚ ውጡ!» ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛዋን ሲያይ ያደረው ሰው በር ላይ ቆሞ፣ ትናንት ያላያት ዶክተር «እንዴት አደረች?» ብሎ ነርሷን ይጠይቃል።

ለዚህም አልተናደድኩም። ለምጄዋለሁ። ያናደደኝ የአልጋዋ ግርጌ ላይ የተንጠለጠለው ቻርት ነው። ትንፋሽ 20። ማታ 20። በነጋታው 20። አራት ቀን ሙሉ 20። የጎረቤት አልጋዋን አየሁ፣ 20። በር አጠገብ ያሉ እማማ አሉ፣ ሲያቃስቱ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። እሳቸውም 20። ዋርዱ በሙሉ በአንድ ሳንባ የሚተነፍስ ይመስላል።

በአምስተኛው ሌሊት አክስቴ ቀሰቀሰችኝ። ፊደል አልቆጠረችም። ሳምንቱን ሙሉ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ነው የምታድረው። «ተነስ እስቲ፣ አተነፋፈሷን አልወደድኩትም» አለች። ተኝታለች እኮ አልኳት። «ትናንት በዚህ ሰዓት ጋቢው ዝም ብሎ ነበር። አሁን እየው፣ ይነሳል ይወድቃል።»

አየሁት። እውነትም ጋቢው ይነሳል ይወድቃል። የእናቴን እጅ ያዝኩና ሰዓቴን አየሁ። ስልሳ ሰከንድ። 34።

ተረኛዋ ጋ ሄድኩ። «ሲስተር፣ የእናቴ ትንፋሽ 34 ነው።» ቀና ብላ አየችኝ። «ዶክተር ነህ?» ለአንድ አፍታ ሰፈሬ የሰጠኝን ማዕረግ ልጠቀምበት ዳድቶኝ ነበር። «አይ፣ ተማሪ ነኝ» አልኩ። ተነስታ መጣች፣ የእውነት መጣች፣ ባየቻት ቅጽበት ፊቷ ተለወጠ። ኦክስጅን ተጎትቶ መጣ፣ ዶክተሩ ተጠራ፣ የሳንባ ምች ነው ተባለ። ለቀናት በጀርባዋ የተኛች አሮጊት ናት፤ የሚጠበቅ ነበር። መድኃኒቱን ከውጭ ገዛን። ለአንድ ዋርድ፣ ለ32 አልጋ፣ ያን ሌሊት ሁለት ነርሶች ነበሩ። ሁሉንም ሙሉ ደቂቃ ቢቆጥሩ ትንፋሽ ብቻውን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይገባኛል። ግን ጠዋት ቻርቱን ሳይ፣ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተሰክቶ፣ ትንፋሽ 20።

ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣት ነበር። መጽሐፉ የአልጋ ቁስል ሲጀምር ቆዳው ይቀላል ይላል። የእናቴ ቆዳ ከየት አምጥቶ ይቀላል? በእጄ ጀርባ እየዳሰስኩ ነው ያወቅኩት፤ ታፋዋ ላይ አንድ ቦታ ከሌላው ይሞቅ ነበር፣ ጠንከርም ብሏል። በዚያ ጎን ማስተኛት አቆምን። አንዷ ወጣት ነርስ ቆማ ስታየኝ ቆይታ «አሜሪካ ይህን ነርስ ነው የሚሠራው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አዘነችልኝ መሰለኝ።

ተመልሼ ስመጣ ለተግባር ልምምድ ትልቅ ሆስፒታል መደቡን። አልጋው በቁልፍ ይነሳል ይወርዳል። መለኪያው በጎማ እየተገፋ ይመጣል፣ ግፊቱን ይለካል፣ ኦክስጅኑን ያነባል። ትንፋሽ ግን አይቆጥርም። ረዳቷ ሐበሻ ናት። ከክፍል ክፍል እየገፋች ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ኮምፒውተር ላይ 18 ትመታለች። ሦስተኛው ክፍል ላይ አላስችል አለኝ። «እህቴ፣ መቼ ቆጠርሽው?» ሳቀች። «ወንድሜ፣ እዚህ ሁሉም ሰው 18 ነው» አለችኝ በአማርኛ።

ለአሜሪካ ሁለት ቀንሰውላታል ማለት ነው። አስተማሪያችን ለዚች አንድ ደቂቃ ብላ እኔን ጥላ፣ ከደመወዜ ሁለት ፈረቃ አስቀርታ እንደገና ስታስፈትነኝ፣ ፎቁ ሙሉ 18 ነው! ሄጄ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች። «የጣልኩህ ለዚህ ነው።» ሁለቱን ፈረቃ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

እናቴ አሁን ቤቷ ናት። በምርኩዝ ትራመዳለች። ከመምጣቴ በፊት ለአክስቴ ስልኳ ላይ ያለውን ሰዓት ቆጣሪ አሳይቻት ነበር። እጇን ያዥ፣ እንዳታውቅብሽ፣ ጋቢውን እያየሽ ቁጠሪ። ማታ ማታ በቴሌግራም ድምፅ ትልክልኛለች። «22።» «19።» «ዛሬ አስነጠሳት፣ ሁለቴ ጀመርኩ፣ 21።»

ትናንት «20» ብላ ላከች።

ደወልኩላት። «እቴቴ፣ በደንብ ቆጥረሽ ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?» አለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።