«የተሰው» አርበኞች

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ጎጃም ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማትርቅ አንዲት ከተማ አደባባይ ላይ የአርበኞች መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ሥሩ የእብነ በረድ ሰሌዳ አለ። አንድ ተማሪ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጽሑፉን ይገለብጣል። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። «ለሀገራቸው ነፃነት የተሰው አርበኞች» ይላል።

«የተሠዉ» ለማለት ነው። ዉ መሆን የነበረባት ው ሆናለች፤ ቃሉ ቃል መሆኑ ቀረ። ሁለት መስመር ዝቅ ሲሉ ደግሞ ያው «ሀገር» «ሐገር» ሆኗል።

አብረውኝ የነበሩት በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። በከዘራቸው ጫፍ ፊደሏን ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ይቺ እሳቱ ሰ ናት። መሥዋዕት በንጉሡ ሠ ነው» አሉኝ። ወዲያው ወደ ተማሪው ዞሩ። «‹ሰአሊ ለነ› ስንል ለምኝልን ማለታችን ነው። በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ከጻፍከው ግን ሥዕል ሣዪልን ይሆናል።» ልጁ ሰርዞ አስተካከለ። ሰሌዳው ግን እንዳለ ነው።

በርግጥ የዚሁ የጎጃም ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ይቀነሱ ብለው ተከራክረዋል። እሳቸው አስበውበት፣ ምክንያታቸውን ጽፈው ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ሀገርንም ሐገርንም መጻፍ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ያውም ዋሸራንና ጎንጅን በያዘ የቅኔ ሀገር!

እኔን የባሰ ያመመኝ ሰሌዳው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። የአርበኝነቱ ዘመን 1928–1933 ተብሎ ሳይቀየር ተቀርጿል። የእኛ 1928 በፈረንጆቹ 1935 መስከረም ላይ ነው የሚጀምረው። በእነሱ 1928 ኢትዮጵያና ጣሊያን የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራርመዋል። ቱሪስቱ አርበኞቻችን ውሉ በተፈረመበት ዓመት ጫካ የገቡ ይመስለዋል።

የምኖርበት ዋሽንግተንም ስህተት አለ። የሊንከን መታሰቢያ ግድግዳ ላይ «ፊውቸር» የሚለው ቃል ኤፍ መሆን ሲገባው በኢ ተቀርጾ ነበር። ትርፏን ሰረዝ ሞልተው አረሙት፤ ጠባሳው ዛሬም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተከፈተው የማርቲን ሉተር ኪንግ ሐውልት ላይ ደግሞ ንግግሩን ቆርጠው ጻፉት። ገጣሚዋ ማያ አንጄሎ ትዕቢተኛ አስመስሎታል ብላ ተቃወመች፤ ሌላውም ሰው ጮኸ። በ2013 ጽሑፉ ከድንጋዩ ላይ ተፋቀ። እዚያ ሰው ሲናገር የሚሰማ አለ።

እኔም ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ያገኘሁት ወጣት ጨዋ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ልክ ነህ፣ ግን ሥራውን ተረክበናል፣ በጀቱም ተዘግቷል» አለኝ። ማን እንዳየው ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ የተሰጣትን ተየበች፣ ድንጋይ ቀራጩም የመጣለትን ቀረጸ። መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ያነበበ አንድም ሰው የለም። የኔታ ያሉበት ደብር ከዚያ ቢሮ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ከመመለሴ በፊት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የአዲሱን ሰሌዳ ወጪ ዲሲ ያለን የአካባቢው ልጆች አዋጥተን እንችላለን። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ ረቂቁን ወደ ድንጋይ ቀራጩ ከመውሰዳቸው በፊት የኔታ ይዩት።