«በዘፈቀደ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። በሚሠራበት ሆስፒታል የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ፣ ማለትም በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ከመጀመሩ በፊት መርምሮ በሚፈቅደው ኮሚቴ ውስጥ፣ ከሕክምና ሙያ ውጭ የሆነ አባል ጎድሏል። «ቲቸር፣ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው» አለኝ። ደመወዝ የለውም፤ የታክሲ ተብላ የምትሰጥ ትንሽ ገንዘብና ሻይ አለች። እሺ አልኩ። ከስብሰባው 3 ቀን ቀደም ብሎ 4 ፕሮፖዛል በኢሜይል መጣልኝ፤ አንዱ ብቻውን 70 ገጽ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ።

በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ትንፍሽ አላልኩም። ሐኪሞቹ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያውና ጠበቃዋ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ እጅ ሲወጣ አብሬ አወጣለሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው ካልተገኘ ምልዓተ ጉባኤው ስለማይሞላ ጸሐፊዋ በጠዋት ደውላ «ይመጣሉ አይደል?» ትለኛለች። የምፈለገው ለቁጥር እንደሆነ ገብቶኛል። በቃለ ጉባኤው ላይ «የኅብረተሰቡ ተወካይ» ተብዬ ነው የምጻፈው። ኅብረተሰቡ ግን መቼ እንደወከለኝ አላውቅም፤ የወከለኝ ተማሪዬ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ከፕሮፖዛሉ ጀርባ የሚያያዘውን የአማርኛ የስምምነት ቅጽ ማንበብ ስጀምር ነው። 2 ገጽ ናት፤ «ትርጉም ነው» ተብላ ትታለፋለች። ከዚያ ሁሉ ወረቀት በሽተኛው እጅ የምትደርሰው ግን እሷው ብቻ ናት። አንድ ቀን በአንዱ ቅጽ ላይ «ከሁለቱ ቡድኖች በአንዱ በዘፈቀደ ይመደባሉ» የሚል አየሁ። እጄን አውጥቼ «በዘፈቀደ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ አጥኚ ፈገግ አለ፤ «ራንደም ለማለት ነው።» እንግሊዝኛው ልክ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ግን ዘፈቀደ ማለት ያለ ሥርዓት፣ እንደ መጣለት ማለት ነው። የታመመ ልጇን ታቅፋ የመጣች እናት «ልጅሽን በዘፈቀደ እንመድበዋለን» ስትባል ምን ይሰማታል? «በዕጣ» ቢባል ዕቁብ የገባ ሁሉ ይረዳዋል። (የ2014ቱን የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ መሰረዝ የሚያስታውስ አንባቢ በዕጣም ቢሆን ቢጠራጠር አልፈርድበትም።) ቃሉ ተለወጠ። እኔም ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ አላውቅም።

በሌላ ቅጽ ላይ «የጥናቱ ጥቅማጥቅሞች» የሚል ርዕስ ነበር። ጥቅማጥቅም ደግሞ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ከደመወዝ በላይ የሚሰጠው ነው፤ የቤት አበል፣ የነዳጅ። እንዲህ ብለው ጠርተውት ሲያበቁ ከሥሩ «በቀጥታ የሚያገኙት ጥቅም የለም» ይላል።

ከቃላቱም በላይ የሚያሳስበኝ «እሺ» ነው። እኛ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲጠይቅ እምቢ አይባልም፤ «እርስዎ ያውቃሉ ዶክተር» ይባላል። አካሚውም አጥኚውም አንድ ሰው ሲሆን ደግሞ በሽተኛው እምቢ ካልኩ ሕክምናዬ ይበላሽብኛል ብሎ ይፈራል፤ ባይነገረውም ይፈራል። ስለዚህ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ነገሮች አሉኝ፦ ፈቃዱን የሚጠይቀው ማነው? ሌላ ሰው ሊጠይቅ አይችልም ወይ? ማንበብ የማይችለው አሻራውን ሲያደርግ በምስክርነት የሚፈርመው ከየት የመጣ ነው? አንድ ጊዜ «የዎርዱ ነርስ» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ነርሷ የአጥኚው የበታች ናት፤ እንዴት ገለልተኛ ምስክር ትሆናለች?

ባለሙያዎች ብቻቸውን ሲወስኑ ምን እንደሚመጣ የአሜሪካው የተስኪጊ ጥናት ይመሰክራል። ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. አላባማ ውስጥ 399 የቂጥኝ በሽተኛ ጥቁር ወንዶች፣ ለማነጻጸሪያ ከተያዙ 201 ጤነኞች ጋር፣ እየታዩ ሳይታከሙ ኖሩ። ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም። ተቃውሞውን ያነሳው ፒተር በክስተን ሐኪም አልነበረም፤ ጥናቱን ባካሄደው የአሜሪካ መንግሥት የጤና አገልግሎት ውስጥ የአባላዘር በሽተኞችን ቃል የሚቀበል ወጣት ሠራተኛ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች የሞሉበት ቡድን ተሰብስቦ ጉዳዩን መረመረና ጥናቱ ይቀጥል አለ። ነገሩ ያበቃው ከ3 ዓመት በኋላ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። ዛሬ የአሜሪካ ደንብ እያንዳንዱ ኮሚቴ ቢያንስ 5 አባላት እንዲኖሩት፣ ከእነሱም ቢያንስ አንዱ ከሳይንስ ሙያ ውጭ፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከተቋሙ ጋር ግንኙነት የሌለው እንዲሆን ያዛል። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህ ወንበር ለእናንተም ነው።

በአገራችንም ጥሩ ምሳሌ አለ። በወላይታ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ከዘር ጋር አያይዘው ሊያጠኑ የተነሡ ተመራማሪዎች ደም ከመቅዳታቸው አስቀድመው ነዋሪውን ጠየቁ። በሽታው የገባበት ቤተሰብ ቀድሞውንም ይገለላል፤ «በዘር ነው» የሚለው ወሬ መገለሉን እንዳያብሰው ያሰጋ ነበር። ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙት፤ ፈቃድ የሚጠየቅበትን መንገድም በዚያው መሠረት ቀረጹት። ይህን ስጋት ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ ማንም አያገኘውም።

«ሙያው የሌለው ሰው ምርምር ያጓትታል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የመመረቂያ ጥናቱን የሚጠብቅ ተማሪ በእኔ ጥያቄ አንድ ወር ሙሉ ቆሟል፤ ያውም ጥያቄዬ የሥርዓተ ነጥብ ነበር። እስካሁን ያሳፍረኛል። መፍትሔው ግን እኛን ዝም ማሰኘት አይደለም። የአማርኛውን፣ የኦሮምኛውን፣ የወላይትኛውን ቅጽ ከእንግሊዝኛው ጀርባ አታያይዙት፤ ከፊት አድርጉት። ከስብሰባው 10 ቀን በፊት ላኩልን። የስታቲስቲክሱን ለስታቲስቲክሱ ሰው እንተዋለን። ወንበሩም ለጡረተኛ ብቻ አይሁን፤ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ፣ ልጅ ያስታመመ፣ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

የጥናት ሰነድ ምስጢር ነው፤ ፈርሜበታለሁ። ስለዚህ ጥናቱን ሳልጠቅስ የከበደኝን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዤ ሰፈሬ ጉልት ሽንኩርት ወደምትሸጥ ጎረቤቴ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር የወሰድኩት «በማንኛውም ጊዜ ራስዎን ማግለል ይችላሉ» የሚል ነበር። ሰማችኝና ሽንኩርቱን መመዘኗን አቆመች።

«እንዴ ጋሼ፣ ኮሮና ተመለሰ እንዴ? ስንት ቀን ነው ቤት የምንቀመጠው?»

«የለም፣ ካልፈለግሽ በፈለግሽው ቀን ትተዪዋለሽ፤ ሕክምናሽ አይቀርብሽም ለማለት ነው» አልኳት።

«ታዲያ እንደሱ አይሉም?»

አሁን ቅጹ ላይ እንደሱ ተብሎ ተጽፏል።